ከፋሲካ በኋላ የጀመረኝ የትከሻ፣ የክርንና የጉልበት ሕመም፦ ብረት መግፋቱን ላቁም ወይስ እንዴት ልቀጥል?

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)፣ ሰኔ 18

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዕድሜዬ 34፣ ክብደቴ 78 ኪሎ ሲሆን፣ ላለፉት 3 ዓመታት ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጂም በሳምንት 5 ቀን ብረት ስገፋ ቆይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የምውል የቢሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ በእግሬ ሄጄ የምሠራት ያቺ አንድ ሰዓት ከሌለች ቀኔ ቀን አይመስለኝም። ጉዳዩን በዝርዝር የማቀርበውም ስለዚህ ነው።

በዐቢይ ጾም 55ቱንም ቀን ልምምዱን ሙሉ በሙሉ አቁሜ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ የምገፋው 70 ኪሎ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የቀድሞ አቅሜ ቶሎ ስለተመለሰልኝ፣ በየሳምንቱ እየጨመርኩ በ5 ሳምንት ውስጥ 100 ኪሎ ደረስኩ፤ ስኳቱንም (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) በዚያው ፍጥነት ከ80 ወደ 120 ኪሎ አሳደግሁት። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ግንቦት መጨረሻ ላይ በመጀመሪያ ቀኝ ትከሻዬን ከፊት በኩል፣ ቀጥሎ የግራ ክርኔን በውስጥ ጎኑ፣ ከዚያም ሁለቱንም ጉልበቶቼን ከሎሚው በታች ያመኝ ጀመር። አሁን የመሥሪያ ቤቴን ደረጃ ስወርድ የእጅ መደገፊያውን ይዤ ነው፤ ማታም በቀኝ ጎኔ መተኛት አልችልም።

አሠልጣኜ «ካላመመህ አልሠራህም ማለት ነው» እያለ እንድቀጥል ያበረታታኛል። እኔም ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ገዝቼ በቀን ሁለት ጊዜ እየወሰድኩ ይኸው 3 ሳምንት ሆነኝ። አንዱ ጓደኛዬ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እንድታሽ፣ ሌላው ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ የሚወጋ መርፌ እንዳስወጋ ይመክረኛል። ግሉኮሳሚን የሚባል ተጨማሪ ምግብም አለ ይሉኛል፤ ዋጋው ግን የደመወዜን ጉልህ ክፍል የሚወስድ ነው። ለጥቂት ወራት ሙሉ በሙሉ ላቁም? ወይስ ሕመሙን ሳላባብስ የምቀጥልበት መንገድ አለ?

ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ሰኔ 19

ወንድሜ፣ በመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሳላይዎትና ሳልዳስስዎት ምርመራ መስጠት አልችልም፤ ሆኖም የጻፉት ነገር በየሳምንቱ ከማያቸው ብረት ገፊዎች ታሪክ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎት።

የችግሩ ሥር የተጨመረው ክብደት ብዛት ሳይሆን የተጨመረበት ፍጥነት ነው ብዬ አምናለሁ። ጡንቻ ደም የጠገበ አካል በመሆኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ ቀድሞ የሠለጠነ ከሆነም አቅሙን ከጀማሪ ይልቅ በፍጥነት መልሶ ያገኛል። ጡንቻውን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ፣ የሚታደስበትም ፍጥነት ዝግተኛ ስለሆነ፣ ጡንቻው በሳምንታት የደረሰበት ቦታ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። እርስዎ በ5 ሳምንት ውስጥ የ100 ኪሎ ጡንቻ ይዘው ሲመለሱ፣ ጅማትዎ ገና ከጾሙ ዕረፍት አልነቃም ነበር። ከጠንካራ ልምምድ በኋላ ባለው የመጀመሪያው አንድ ቀን ተኩል ያህል በጅማት ውስጥ ከሚገነባው ይልቅ የሚፈርሰው ይበልጣል፤ መልሶ የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ ደረትን ሰኞ፣ ትከሻን ማክሰኞ፣ ትራይሴፕስን (የክንድን የኋላ ጡንቻ) ረቡዕ ለሚሠራ ሰው ትከሻውና ክርኑ 3 ተከታታይ ቀን ይሠራሉ እንጂ በቀን የተከፋፈለ ዕረፍት አያገኙም። ይህን ስል የእርስዎን ፕሮግራም ባላውቅም፣ በከተማችን ጂሞች በብዛት የማየው አከፋፈል ይኸው ነው።

ሙሉ በሙሉ ያቁሙ ወይ ለሚለው፣ መልሴ አያቁሙ ነው። ጅማት ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሕመሙ ይበርድ ይሆናል፤ ክብደት የመሸከም አቅሙ ግን ይበልጥ ይወርዳል፤ ከወራት በኋላ ሲመለሱም ያው ታሪክ ይደገማል። እኛ የምንጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ይስጡት። በልምምድ ጊዜ ከ3 የማይበልጥ ከሆነና በማግሥቱ ጠዋት ከተለመደው ካልጨመረ፣ የያዙት ክብደት ጅማቱ የሚችለው ነው። በማግሥቱ ከአልጋ ሲነሡ ከቀድሞው የባሰ ከሆነ ግን፣ በልምምዱ ሰዓት ምንም ባይሰማዎት እንኳ አብዝተዋል ማለት ነው። የጅማት ሕመም ሰውነት ሲሞቅ የመጥፋት ጠባይ ስላለው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዳኛው የማግሥቱ ጠዋት ነው።

ለጉልበትዎ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ያህል ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻን ወጥሮ መያዝ ጥሩ መነሻ ነው። በእግር መዘርጊያው ማሽን ላይ እግርዎን እስከ ግማሽ ገደማ ዘርግተው፣ ከበድ ያለ ነገር ግን የሚችሉትን ክብደት ለ45 ሰከንድ ይዘው ይቆዩ፤ 2 ደቂቃ እያረፉ 5 ጊዜ ይድገሙት። ማሽኑ ካልተለቀቀልዎት ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው መቆየትም ይሆናል። ይህ በብዙ ሰው ላይ ሕመሙን ያበርዳል። ከዚያ ወደ ዝግተኛና ከባድ ልምምድ ይሸጋገራሉ፦ ስኳትም ሆነ ሌግ ፕሬስ (በማሽን ላይ ክብደትን በእግር መግፋት)፣ ሲወርዱ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ፣ ሲነሡም እንዲሁ፣ በሳምንት 3 ጊዜ ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት 15 ጊዜ መድገም በሚችሉት ክብደት ጀምረው፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ድግግሞሹን እየቀነሱ በ12ኛው ሳምንት ወደ 6 ድግግሞሽ ይደርሳሉ። 12 ሳምንት ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ታካሚዎቼ ተስፋ የሚቆርጡትም አብዛኛውን ጊዜ በ4ኛው ሳምንት ላይ ነው። እባክዎ እዚያ ላይ አይተዉት።

ትከሻን በተመለከተ፣ የክንድን አጥንት ራስ በጎድጓዳው መካከል ይዘው የሚያቆዩ 4 ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። ቤንች ፕሬስ ሲሠሩ ክርንዎን ከጎንዎ እስከ 90 ዲግሪ አርቀው ከከፈቱት እነዚህ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ይጨነቃሉ፤ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያቆዩት፤ የአያያዝዎ ስፋትም ከትከሻዎ ስፋት 1.5 እጥፍ አይበልጥ። ሕመሙ እስኪረግብ ድረስ በባርቤል (በሁለት እጅ በሚያዘው ረጅም ብረት) ፈንታ በዳምቤል (በአንድ እጅ በሚያዘው አጭር ብረት)፣ ወለል ላይ ተኝተው ይግፉ፤ ወለሉ ክርንዎን ስለሚያስቆመው ትከሻዎ ወደሚያመው ጥልቀት አይወርድም። ለእያንዳንዱ የመግፋት ዙርም ቢያንስ አንድ የመሳብ ዙር ይኑርዎት። ኮምፒውተር ላይ ጎብጦ የሚውል ሰው ከሆነ ሁለት ቢሆን እመርጣለሁ።

የክርን ውስጥ ጎን ሕመም የእጅ አንጓን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ጅማት ነው። ቀጥ ባለው ባርቤል ባይሴፕስ (የክንድን የፊት ጡንቻ) መሥራትና መዳፍን ወደ ራስ አዙሮ ፑል አፕ (በብረት ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) መሥራት ያባብሱታል። ጠመዝማዛውን ባር ወይም ዳምቤል ይያዙ፤ ቀላል ዳምቤል ይዘው የእጅ አንጓን በዝግታ ማውረድ ለዚህ ጅማት መልካም መድኃኒት ነው።

የሚከተለውን ግን ችላ እንዳይሉ። መገጣጠሚያው አብጦ፣ ቀልቶና ሞቆ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ወዲያው አቅም ካነሰ፣ ጉልበት ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም እጅ ከደነዘዘ፣ ልምምድ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

የድሮ ብረት ገፊ፣ ሰኔ 19

ወንድሜ፣ እኔ ብረት የጀመርኩት በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ማሽን ሳይኖር፣ ሲሚንቶ በጣሳ ሞልተን በብረት ቱቦ እያያያዝን ነበር የምንሠራው። ዛሬም በ50ዎቹ ዕድሜዬ እሠራለሁ። ባለሙያዋ የጻፈችልህን አንድም ሳታስቀር ተከተል፤ እኔ የምጨምረው በገዛ ሰውነቴ የተማርኩትን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሰኔና በሐምሌ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከአራት ኪሎ በእግርህ መምጣትህ መልካም ነው፤ በተለይ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ለፈጣን እርምጃ ይመቻል። ነገር ግን እግርህ ስለሞቀ ትከሻህ ሞቋል ማለት አይደለም። እኔ ወደ ሥራ ክብደቴ ከመድረሴ በፊት በባዶ ባር 15፣ በግማሽ ክብደት 8፣ በሦስት አራተኛ 3 ጊዜ ሳልሠራ ብረት ነክቼ አላውቅም፤ በክረምት ደግሞ ሹራቤን እስኪያልበኝ ድረስ አላወልቅም። ይህን የጀመርኩት በወጣትነቴ ባርቤልን ከአንገቴ ጀርባ ወደ ላይ እየገፋሁ ትከሻዬን ከጎዳሁ በኋላ ነው፤ ያንን ልምምድ ዛሬ ለማንም አላሳይም።

ስለ ወጌሻ ጠይቀሃል። እኔም ጉልበቴን አሞኝ አንድ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ለ3 ቀን ታሽቼ፣ በ4ኛው ቀን አብጦ መራመድ አቅቶኛል። በእኛ አገር የስፖርት ቡድን ሕክምና ባለሙያውንም በአካባቢው የሚያሸውንም በአንድ ስም «ወጌሻ» ስለምንል ሰው ይምታታበታል። የሚታወክ ጅማትን አጥብቆ ማሸት እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ እግሩን ያጣ ሰውም በሰፈሬ አውቃለሁ።

በጉልበት ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ለከባድ ቀን ብቻ አስቀምጠው። ለማሟሟቂያውም ለሥራውም እየጠመጠምክ ከሠራህ ጉልበትህ የሚነግርህን አትሰማም። በየ5 ሳምንቱ ደግሞ አንድ ሳምንት ዙሮቹን በግማሽ ቀንስ። የአሠልጣኝህን ነገር በተመለከተ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በ5 ሳምንት 30 ኪሎ ሲጨመር አይቶ ዝም ያለ አሠልጣኝ፣ ከሕመሙ በፊት ሊያስቆምህ ይገባ ነበር።

ፋርማሲስት፣ ሰኔ 20

በመጀመሪያ ዳይክሎፌናኩን በተመለከተ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ 3 ሳምንት መውሰድ ከልክ ያለፈ ነው። ይህ መድኃኒትና ወገኖቹ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ፤ በሀገራችን ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በጣም ብዙ ሰው ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የቁስለትና የመድማት አደጋው ይጨምራል። ውኃ ሳይጠጡ አልቦዎት እየሠሩ ከወሰዱት ደግሞ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ አንድ ቀን አይደሩ። ከሁሉ በላይ ግን እህታችን የማግሥቱ ጠዋት ዳኛ ነው ብላ የጻፈችው መለኪያ፣ ማስታገሻ እየወሰዱ እስከቀጠሉ ድረስ አይሠራልዎትም፤ ዳኛውን አስተኝተውታልና።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ መልስዎ ብዙ ነገር ይቀይራል። ከሕመሙ በፊት ባሉት ሳምንታት ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በተለምዶ ሲፕሮ የምንለውን መድኃኒት ወስደዋል? ለሆድ ሕመምም፣ ለታይፎይድም፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም በከተማችን በብዛት የሚወሰድ ነው። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ጅማትን ሊያስቆጣና እስከ መበጠስ ሊያደርስ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2008 እ.ኤ.አ. ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ሰጥቶታል። ጉዳቱ በብዛት የሚታየው ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ላይ ቢሆንም ትከሻንና ሌሎችንም ይነካል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ስጋቱ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ኮርቲኮስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበልጣል።

ጓደኛዎ የመከረዎት መርፌ በአብዛኛው ይኸው ኮርቲኮስቴሮይድ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ጸጥ ያደርገዋል፤ በክርን ጅማት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን ከዓመት በኋላ የተወጉት ካልተወጉት የባሰ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል፤ ጅማቱንም ሊያዳክመው ይችላል። ሲፕሮ ወስደው ከሆነ በምንም መንገድ ሳያማክሩ እንዳይወጉ።

ግሉኮሳሚን ላይ ገንዘብዎን አያባክኑ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጉልበት መገጣጠሚያቸው ባረጀ 1,583 ሰዎች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት በጠቅላላው ከባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ የእርስዎ ሕመም ደግሞ ከዚያም የተለየ ነው። ጄላቲን ከቫይታሚን ሲ ጋር ከልምምድ አንድ ሰዓት በፊት መውሰድ ሰውነት ኮላጅንን (የጅማትን ዋና ፕሮቲን) እንዲሠራ እንደሚያግዝ የሚጠቁም የ2017 እ.ኤ.አ. ሙከራ አለ፤ የተደረገው ግን በ8 ወጣቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አላስይዝበትም። የአጥንት መረቅ ከወደዱ ይጠጡ።

እርስዎ ባይጠይቁም ለሌሎች አንባቢዎች ልጻፍ። ጡንቻ ለማሳደግ ሆርሞን የሚወጉ ወጣቶች ጡንቻቸው ከጅማታቸው አቅም በላይ ስለሚያድግ የመበጠስ አደጋ ያንዣብብባቸዋል። የሆርሞኑን የጎንዮሽ ጉዳት ለማጥፋት ብለው የሚወስዷቸው እንደ አናስትሮዞልና ሌትሮዞል ያሉት፣ ለጡት ካንሰር ሕሙማን የተሠሩ መድኃኒቶች፣ ራሳቸው የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣሉ። መገጣጠሚያዬን አመመኝ ብሎ ማስታገሻ ሊገዛ የሚመጣ ወጣት ይህን ሳይናገር ሲሄድ ልቤ ይሰበራል። እባካችሁ ለፋርማሲስቱ ንገሩት፤ ልንረዳችሁ እንጂ ልንከስሳችሁ አይደለም የቆምነው።

የካዛንቺሷ፣ ሰኔ 20

እኔ ደግሞ ከብረቱ ያልመጣ ሕመም ደርሶብኛል። ለፕሮቲን ብዬ በየቀኑ ያልተፈላ ወተት እጠጣ ነበር፤ ወገቤንና ዳሌዬን ሲያመኝ ዴድሊፍት (ብረትን ከወለል ማንሳት) ነው ብዬ 2 ወር አሳለፍኩ። ማታ ማታ የሚመጣው ትኩሳትና ላብ ስላስጨነቀኝ ስመረመር ካልተፈላ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ተገኘብኝ፤ ሕክምናው ለሳምንታት የቆየ ነበር። ትኩሳት ያለበት ሰው ይህን አስቦ ይመርመር፤ ወተቱንም ያፍላ።

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)፣ ሰኔ 21

የፋርማሲስቱን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥኩ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ሆዴን አሞኝ ሲፕሮ ለ5 ቀን ወስጃለሁ፤ ከጂም የቀረሁትም 2 ቀን ብቻ ነው። መርፌውን ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዤለት ነበር፤ አሁኑኑ ሰርዤዋለሁ። ትኩሳት የለኝም፣ እብጠትም የለም። ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ።

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)፣ ነሐሴ 6

7 ሳምንት ስላለፈ የሆነውን ላሳውቃችሁ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ የተበጠሰ ጅማት እንደሌለ ነገረኝ፤ መንስኤው ሲፕሮው ይሁን የክብደቱ ፍጥነት ለይቶ መናገር እንደማይቻል ገልጾ፣ ያ የመድኃኒት ቤተሰብ አማራጭ ካለ እንዳይታዘዝልኝ በካርዴ ላይ ጻፈልኝ። ዳይክሎፌናኩን ካቆምኩ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከባድ ነበሩ። ጉልበቴ ከ6 ወደ 2 ወርዷል፤ ደረጃውን እጄን ሳልደግፍ እወርዳለሁ። ትከሻዬ ከወለል ላይ በ22 ኪሎ ዳምቤሎች ያለ ሕመም ይገፋል። ክርኔ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት 3 ነው። ጋሼ፣ ሹራቡን አላወልቅም፤ አሠልጣኙንም ቀይሬያለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ፍልሰታ ከገባ 6 ቀን ሆኖታል፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። እስከ ነሐሴ 15 ልምምዱን ላቋርጠው ወይ? የዐቢይ ጾሙ ነገር እንዳይደገም እሰጋለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ነሐሴ 7

ባይቋረጥ እመርጣለሁ። ያገኙትን አቅም ለማቆየት የሚያስፈልገው ሥራ ለመገንባት ካስፈለገው እጅግ ያነሰ ነው። የዙሮቹን ቁጥር ወደ ሲሶ ያውርዱት፤ የያዙትን ክብደት ግን አይቀንሱ፣ አይጨምሩም። በ3 ቀን ፈንታ 2 ቀን ይበቃዎታል። የንጋቱን ሰዓት ትተው ከቅዳሴ በኋላ ከተመገቡና በቂ ውኃ ከጠጡ ወዲያ፣ ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ይሥሩ። ሽሮውና ምስሩ ከበድ ይበልልዎት፤ ለ15 ቀን በቂ ነው። ለክርንዎ በእጅ አንጓ የሚሠሩትን ዝግተኛ ልምምድ አሁን ባሉበት ክብደት ይቀጥሉ፤ ጠዋት ላይ 2 ሲሆን ብቻ ግማሽ ኪሎ ይጨምሩ። ከነሐሴ 16 በኋላ ወደ 3 ቀን ሲመለሱ፣ ከዛሬው ክብደት ይጀምራሉ።